ሸረሪቷና የሰይድ ፆም

ባለፈው እሑድ የመጨረሻ ልጄ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ ና እይ! ሰውዬው ቤቱ ውስጥ ሸረሪት ያሳድጋል!» አየሁ። መዳፍ የምታህል ጸጉራም ሸረሪት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች። ባለቤቷ ምግብ እምቢ አለችኝ ብሎ ሊያለቅስ ደርሷል። ልጄ ሳቀች። እኔ ግን ሰይድ ትዝ አለኝና በረንዳ ወጣሁ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። መካነ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ስንማር እኔና ሰይድ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የእኔ አገር ቅርብ ነው፤ በየቅዳሜው ገበያ እናቴ ዳቦና በሶ ትልክልኛለች። የሰይድ ግን ከከላላ ወዲያ ነው፤ ስንቁ የሚመጣለት በወር አንዴ፣ እሱም መንገደኛ ከተገኘ ነው። አባቱ ለመንደሩ ልጆች ቁርአን ያስቀሩ ነበር። ልጃቸውም ሳቂታ፣ ግን ሰው ማስቸገርን እንደ ሞት የሚፈራ ልጅ ነበር።

ሸረሪቷን ያገኘኋት ከድንጋይ ካብ ሥር ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን በሚስማር በሳስቼ እዚያ ውስጥ አኖርኳት። ሰይድ መጀመሪያ «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ከበር አልገባም አለ። በሳምንቱ ግን ፌንጣ የሚይዝላት እሱ ሆነ።

የዚያን ዓመት በልግ ቀረ። ሚያዝያ ሙሉ አቧራ ነበር። በዚያው ሰሞን ሸረሪቷ መብላት አቆመች። ፌንጣው ጀርባዋ ላይ ሲወጣ እንኳ አትነካውም። ወይ ጭንቀት! ዝንብ ያዝኩላት፣ ትል ቆፈርኩላት፣ ሉካንዳ ቤት ሄጄ ብጣሽ ሥጋ ለመንኩላት። ወይ ፍንክች።

«ተዋት» አለኝ ሰይድ። «እያለላት የተወች አታሳዝንም። ፆም ይዛለች በል።»

እሱም ፆም ይዞ ነበር። በፊት ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነበር የሚፆመው። ቀስ በቀስ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ተጨመረ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን በእኛ አገር የጎረቤትን ፆም ማክበር በልጅነት የሚለመድ ነገር ነው። ፆመኛ ፊት እንጀራ አይቆረስም፣ ብላም አይባልም። ስለዚህ ዳቦዬን ደጅ ወጥቼ እበላ ነበር። ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ «መስጊድ አፈጥራለሁ» ብሎኝ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ አዲስ ስንቅ ሲመጣልኝ የሻገተውን ዳቦ ዓይኑ እያየ ለአከራያችን ዶሮዎች በተንኩላቸው።

አንድ ጠዋት ሸረሪቷን በጀርባዋ ተገልብጣ አገኘኋት። ሞተች ብዬ አለቀስኩ፤ አላፍርም፣ አለቀስኩ። ሰይድ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተንበረከከና አያት። «አብሽር፣ እግሯ ይንቀሳቀሳል» አለኝ።

በዚያው ጠዋት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሳለን እሱ ወደቀ።

ተሸክመን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ዓይኑን ገለጥ አድርጋ አየችና «ይሄ ልጅ እህል ከቀመሰ ስንት ቀኑ ነው?» አለችኝ።

«ፆመኛ ነው» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

«እሺ፣ ማታስ በምን ያፈጥራል?»

ሰይድ ዓይኑን እንደጨፈነ «በውኃ» አለ።

ለካ በልጉ ሲቀር ከቤት የሚላክለት ነገርም ቀርቷል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚሉት እኔን ነው። ከአንድ ጣሪያ ሥር እያደርኩ የሸረሪት ሆድ ስቆጣጠር ከረምኩ!

በሦስተኛው ቀን አባቱ በቅሎ ይዘው መጡ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት እያለቀስኩ። ፈገግ አለ። «አንተ ምን ታደርግ? ፆመኛን ብላ አይባልማ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው እኮ! ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲያም አላየሁትም።

ክፍሌ ስመለስ ሸረሪቷ አሮጌ ቆዳዋን አውልቃ ጥላ አዲስ ሆናለች። በሳምንቱ ሰይድ የያዘላትን የመጨረሻ ፌንጣ በላች። ወስጄ ካቡ ሥር ለቀቅኳት።

«ምን ሆና ነው የማትበላው?» አለችኝ ልጄ ስልኳን እንደያዘች በረንዳ ተከትላኝ ወጥታ። «ቆዳዋን ልትቀይር ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ትበላለች» አልኳት። ስለ ሸረሪት ይኼን ያህል አውቃለሁ።

ዛሬም ቤቴ የመጣ ሰው «ፆመኛ ነኝ» ካለኝ «ማታ በምን ታፈጥራለህ?» እለዋለሁ። ባለቤቴ ነውር ነው እያለች ትቆጣኛለች። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እጠይቃለሁ።