ሐሙስን የሰረቀው ማን ነው

በዚያ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያልፍ እንግዳ «ጥሩ የሙዚቃ ቤት የት አለ?» ብሎ ታክሲ ነጂ ቢጠይቅ፣ መልሱ እንደ ቀኑ ይለያያል። አርብና ቅዳሜ ከሆነ ጥጉ ላይ ወዳለው ጭፈራ ቤት ይወስደዋል፤ እዚያ መብራቱ ሰባት ዓይነት ነው፣ ዘፈኑ ግን አንድ ዓይነት። ረቡዕ ከሆነ ፎቅ ላይ ወዳለው፣ በረንዳው መንገዱን ቁልቁል ወደሚያየውና ሰው ሁሉ «ሰገነት» ወደሚለው ቤት ይልከዋል። ሐሙስ ከሆነ ግን ነጂው አያመነታም። «ምድር ቤት ውረድ» ይላል፤ «አሥራ ሁለት ደረጃ ነው፤ ሰባተኛው ስለተሰበረ ተራመደው።»

ምድር ቤት ዓይን የሚሞላ ነገር የለውም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ረዥም ሰው ሲጨፍር አምፖል ይገጫል። ወንበሮቹ ከሦስት የተዘጉ ምግብ ቤቶች የተለቀሙ ስለሆኑ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ሁልጊዜ ሌላውን ቁልቁል ያየዋል። ሰውን ደረጃውን የሚያስወርደው ሌላ ነገር ነው። በየሐሙሱ፣ የትም ተሰምቶ የማያውቅ አንድ አዲስ ዜማ፣ ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ ይጫወቱበታል። ይህን ልማድ የጀመረውና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጫንቃው የተሸከመው ሳክስፎን ተጫዋቹ ነው። ባልደረቦቹም ጎረቤቶቹም አለቃ ይሉታል።

አለቃ ቀጭን፣ ጎንበስ ያለ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ሲተርተው፣ እሱ ይኖርበታል። የሳክስፎኑን ሳጥን በመድረኩ ላይ እንኳ ከወንበሩ እግር ጋር በሰንሰለት ያስረዋል። አንድ ጊዜ ሐኪም መርምሮ «ጤነኛ ነህ» ቢለው፣ የመጀመሪያው ምን እንደደበቀው ለማወቅ ወደ ሌላ ሐኪም ሄዷል። ሰው ሲያመሰግነው «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። በዚህ ዓለም አንገቱን አምኖ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለፀጉር አስተካካዩ። በየቀኑ ከልምምድ በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ መንገዱን ተሻግሮ ከሰገነት ሥር ወዳለችው ጠባብ ሱቅ ይገባና ይላጫል። ከንፈሩ ዙሪያ ጢም ካለ ሳክስፎኑ አይታዘዘኝም ይላል።

ከእሱ ጋር የሚጫወቱት ሦስት ናቸው፤ ጊታር ተጫዋቹ፣ ቤዝ ተጫዋቹና ድራም የሚመታው የሚስቱ ታናሽ ወንድም። ይህን የሚስቱን ወንድም ሰው ግርግር ብሎታል፤ ምክንያቱም ቁጭ ብሎ እንኳ ጣቶቹ አያርፉም። ግርግር በዘጠኝ ዓመቱ ወላጆቹ ሞተውበት እህቱ ቤት ሲመጣ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ምት ያስቆጠረው አለቃ ነው። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ግርግር አሁንም «ጋሼ» ይለዋል፤ እሑድ እሑድም ምሳውን የሚበላው እህቱ ቤት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ረቡዕ ነው። የምድር ቤቷ ባለቤት፣ ደርባባ ሴትዮ፣ አለቃን መጋረጃው ኋላ ጠርታ «የነገውን ዜማችሁን ዛሬ ሰገነት ላይ ተጫወቱት» አለችው።

«ሊሆን አይችልም።»

«በረንዳው ሥር ቆሜ ሰማሁት እያልኩህ! ስትለማመዱት ሳምንቱን ሙሉ የሰማሁት እኮ ነው። ድፍኑን፣ ከነጭራው።»

በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ቃሏን አሳጠረች። «ሐሙሳችን ረቡዕ ከዋለ፣ እኔ ሐሙስን እዘጋዋለሁ። ማጫወቻ አለ፤ አይበላም፣ አይጠጣም፣ ምስጢርም አያወጣም።»

አለቃ ያን ሌሊት አልተኛም። ሌባው ከውጭ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበር። በልምምድ ሰዓት በሩ ይቆለፋል፣ መስኮት የለም፣ ኖታውን ራሱ ሰብስቦ ራሱ ይቆልፈዋል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው። ጊታር ተጫዋቹ አዲስ ጫማ ገዝቷል፤ ከየት አመጣው? ቤዝ ተጫዋቹ ደግሞ ምንም አልገዛም፤ ይኸው ራሱ ብልጠት ሊሆን ይችላል። ግርግርን መጀመሪያ ከመዝገቡ አውጥቶት ነበር። ሰኞ ቀን ግን፣ በቅርብ ርቀት፣ ከሰገነት የጓሮ በር አፉን በእጁ እየጠረገ ሲወጣ አየው።

«ከየት ነው?» አለው።

«ከ... እዚሁ። እግሬን ላፍታታ ብዬ።»

«እግር በጓሮ በር ነው የሚፍታታው?»

ግርግር ሳቅ ብሎ አለፈ። አለቃ ያን ሳቅ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ፤ እንደ ጠጠር ጫማው ውስጥ ይዞት ዋለ።

ሆኖም ሙያ አለውና ወጥመዱን በሙያው አጠመደ። የዚያን ሳምንት ዜማ ለሦስቱ ለየብቻ አስጠናቸው። መነሻውና መካከሉ አንድ ነው፤ መጨረሻው ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ነው፤ አብረው ሲለማመዱ መጨረሻው ላይ ሳይደርሱ ያስቆማቸዋል። ለጊታር ተጫዋቹ ያሳየው ወደ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ለቤዝ ተጫዋቹ ያሳየው ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ለግርግር ያሰማው ሁለት ምት ዝም ብሎ ነው የሚዘጋው። እውነተኛውን መጨረሻ፣ ደረጃ በደረጃ ወርዶ ሰው ሊናገረው ያሰበውን እንደረሳ መሐል ላይ የሚቆመውን፣ ለማንም አላሳየም። ወረቀት ላይም አላሰፈረውም። ረቡዕ ማታ ሰገነት የሚጫወተውን መጨረሻ ሰምቶ ሌባውን በስሙ ይጠራዋል። እስከዚያ ድረስ ምንም ላለመናገር ለራሱ ማለ።

መሐላው ማክሰኞ ድረስ ቆየ። ማክሰኞ ግርግር ለልምምድ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ፣ ከሰገነት አቅጣጫ እየሮጠ መጣ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ አለቃ አንድ ቀን መጠበቅ አቃተው።

«እዚያው ቅር!» አለ ከመድረኩ ላይ። «የሚያበሉህ ቤት ምታላቸው።»

«ጋሼ፣ ምን እያልክ ነው?»

«የምለውን ታውቃለህ። ዜማዬን የምትሸጠው አንተ ነህ። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ!»

ሁለቱ ተጫዋቾች ወለል ወለሉን አዩ። ግርግር ዱላዎቹን ሊያነሳ እጁን ዘረጋና መለሰው። «ዱላዎቹን አንተ ነህ የገዛህልኝ» አለና ደረጃውን ወጣ። በዚያው ማታ የአለቃ ሚስት ነገሩን ሰማች። ጮሃ አልተጣላችውም፤ እራቱን አቅርባለት ሌላ ክፍል ገብታ «እሑድ የወንድሜ ሳህን ባለቤቱን ካጣ፣ ያንተንም ሳህን አላቀርብም» አለችው ከበሩ ውስጥ።

ረቡዕ፣ ገና ሲመሽ፣ አለቃ ኮቱን አንገቱ ድረስ ቆልፎ ሰገነት ወጣና ምሰሶ ኋላ ቆመ። የሰገነቱ ኦርጋን ተጫዋች፣ መነጽር ያደረገ ለስላሳ ጎልማሳ፣ ጣቶቹን አፍታታና ጀመረ። መነሻው የእሱ ነው። መካከሉም የእሱ ነው። አለቃ ትንፋሹን ያዘ። መጨረሻው ወደ ላይ አልወጣም። አልተደጋገመም። ሁለት ምት ዝም አላለም። ደረጃ በደረጃ ወረደ፤ ወርዶም የሚናገረውን እንደረሳ ሰው መሐል ላይ ቆመ።

ሰው አጨበጨበ። አለቃ ምሰሶውን ተደገፈ። ያ መጨረሻ ከራሱ ቅል ውጭ የትም አልነበረም።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ሦስት ጊዜ ዘወር ብሎ ኋላውን አየ። ቤት እንደገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን በጎን ዓይኑ ተመለከታት።

«በእንቅልፌ አዜማለሁ እንዴ?» አላት።

«ታንኮራፋለህ።»

«በዜማ ነው?»

«ወንድሜን አባረህ ደግሞ ወደ እኔ ዞርክ?» አለች። «እንግዲህ የቀረህ ድመቷ ናት፤ ጠይቃት።»

ሐሙስ ልምምዱ ያለ ድራም ተካሄደ። ጊታሩ ይቀድማል፣ ቤዙ ይጎተታል፣ አለቃ ሁለቱን ሊያስታርቅ ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ማታ ደንበኛ ይመጣል፤ የሚመታ ግን የለም። አሥር ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዱ መንገዱን ተሻገረና የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተዘረጋ። ፀጉር አስተካካዩም እንደ ልማዱ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደመው፤ የፈላ ውኃ ውስጥ የገባውን ፎጣ ጨምቆ፣ ጢሙ እንዲላላ፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ ጠቀለለለት። ከዚህ በኋላ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው።

አለቃ ከፎጣው ሥር ጥርሱን ነክሶ ያስብ ጀመር። ማን ሰማ? የት? ሰኞ የት ነበርኩ፣ ማክሰኞ የት ነበርኩ?

«አሞሃል እንዴ አለቃ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ምነው?»

«ዛሬ ዜማ የለማ! ስንቱ ተቀምጦ ይጠብቅሃል።»

«የምን ዜማ?» አለ አለቃ ቀስ ብሎ።

«በአፍንጫህ የምታንጎራጉረው ነዋ። ፎጣው ሲሞቅህ ትጀምራለህ፣ ሳነሳው ትጨርሳለህ። እኛ የአሥር ሰዓት ሬዲዮ ነው የምንለው። የትናንቱማ መጨረሻው! አንጀት ይበላል።»

ከኋላ ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ። አለቃ ፎጣውን ከፊቱ ገፎ ቀና አለ። በመስተዋቱ ውስጥ፣ የደንበኞች አግዳሚ ላይ፣ አንድ ሰው ጋዜጣውን ዓይኑ ድረስ ከፍ አድርጎ ይዟል። ከጋዜጣው በላይ መነጽር፣ ከጋዜጣው በታች እርሳስ ይታያል። አለቃ ተነሥቶ ጋዜጣውን ቁልቁል ተጫነው። የሰገነቱ ኦርጋን ተጫዋች ነው። የጋዜጣው ነጭ ጠርዝ አምስት መስመር ተሰምሮበት ባዶውን ይጠብቃል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«አንተ!»

«እኔ እኮ ለሕዝብ የለቀቁት መስሎኝ ነው። ሰው በሰው ፊት የሚያዜመውን መስማት ወንጀል ነው እንዴ? ጆሮዬን ቤት ትቼ ልምጣ?»

አለቃ ሊጮህ አፉን ከፈተ። በማን ላይ ነው የሚጮኸው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የወጣውም ከራሱ አፍ፣ ያውም ተዘግቶ ሳለ ነው። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረ። «አንተስ? ስንት ዘመን ስታውቅ ዝም አልክ?»

«የምታውቀው መስሎኝ!» አለ ያ፣ ምላጩን እንደያዘ እጁን ዘርግቶ። «ደንበኛ ላብዛልህ ብሎ ነው ብዬ ስመርቅህ የኖርኩት እኮ ነኝ!»

አለቃ ሳይላጭ ወጣ። ፊቱ ከፎጣው ሙቀት እንደቀላ በሰገነት ግድግዳ ዞሮ ወደ ጓሮው በር ሄደ። ያ በር የወጥ ቤቱ ነው። ውስጥ አንዲት ደንዳና፣ እጅጌዋን የጠቀለለች ሴት ትልቅ ድስት ታማስላለች። ከጎኗ ግርግር ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ድንች ይልጣል፤ ቢላዋው እንኳ በምት ነው የሚሄደው።

«ጋሼ?» ብሎ ብድግ አለ። ፊቱ ደነገጠ።

ሴትየዋ ማማሰያዋን ሳትለቅ አለቃን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እርስዎ ነዎት ሌባ ያሉት?» አለች። «እኔን ሊያይ ነው የሚመጣው። ባሌ ከሞተ አራት ዓመቴ ነው፤ እሱን በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ እህቱ ትስቅብኛለች ብሎ ነው የሚደበቀው። በሉ ይኸው ነው ምስጢሩ፤ አሁን ይጠርጥሩት።»

አለቃ በሩ ላይ ቆሞ ነገሩን ተናገረ። ፎጣውን፣ ማንጎራጎሩን፣ ጋዜጣውን፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ግርግር መጀመሪያ አፉን ያዘ፤ ከዚያ በርጩማው ላይ ወድቆ እስኪያነባ ሳቀ። ሴትየዋም ወደ ድስቱ ዞራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«በድዬሃለሁ» አለ አለቃ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ። «ማታ ትመታለህ?»

ግርግር ዓይኑን ጠረገ። «መድረኩ ላይ ነው ሌባ ያልከኝ። እዚያው፣ ሁለቱ ባሉበት ቃልህን ታነሣልኛለህ። ሁለተኛ ደግሞ፣ ስለ እሷ ለእህቴ የምትነግራት አንተ ነህ።»

«የመጀመሪያውን አሁኑኑ። ሁለተኛውን ግን...»

«ጋሼ!»

«እሺ፣ እሺ። እሑድ። ምሳ ከተበላ በኋላ።»

አብረው መንገዱን ተሻገሩ። አለቃ መድረኩ ላይ ጊታር ተጫዋቹንና ቤዝ ተጫዋቹን አቁሞ «ሌባው እኔ ነበርኩ» አላቸው፤ እናንተንም ጠርጥሬያለሁ ብሎ፣ ለማን የትኛውን መጨረሻ እንደሰጠ ነገራቸው። ጊታር ተጫዋቹ «የኔ ይሻል ነበር» አለ ቅር ብሎት። የተሰረቀውን የሚተካ ሌላ ዜማ ለማዘጋጀት ጊዜ ስላልነበረ፣ እውነተኛውን መጨረሻ አስጠናቸውና ያንኑ ሊጫወቱት ወጡ።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። ዜማው ወርዶ መሐል ላይ ሲቆም ጭብጨባ ሆነ። ከፊት ጠረጴዛ ግን አንድ ወፍራም ሰው ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ይኼማ የሰገነት ነው። ትናንት ሰምቼዋለሁ። የዛሬ ሰው አያፍርም!» አለ።

አለቃ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነሣ። የሚመልሰው መልስ ከፎጣ የሚጀምር ስለሆነ ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ ኋላው ሲዞር ግርግር ዱላዎቹን አንሥቶ፣ ፊቱ ላይ ምንም ቂም ሳይታይበት፣ የሚቀጥለውን ሊያስጀምር እየጠበቀው ነው። አለቃ አተኩሮ አየው። ሃያ አምስት ዓመት ያሳደጉት ልጅ በሰው ፊት ሌባ ተብሎ፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ እንዲህ ሙልጭ አድርጎ ይቅር ይላል? ምን አስቦ ነው?

«ጋሼ፣ ንፋ እንጂ!» አለው ግርግር።

ነፋ።