ዋንዛው የተቆረጠ ዕለት

ልጅነቴን ሳስብ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ዓይነ ስውሩ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ መኮንን ነው። መንደራችን ጎንደር ውስጥ፣ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወረድ ብሎ ነው። እህትም ወንድምም ስላልነበረኝ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓደኛዬ እሱ ነበር። በዱላው መሬቱን እየመታ ደጃችን ካለው ትልቅ ዋንዛ ይደርስና ግንዱን ተደግፎ ይቀመጣል። ዋንዛው ሲያብብ ነጭ አበባው ትከሻው ላይ ይረግፋል፤ ሽታው ማር ማር ይል ነበር። ፍሬው ሲበስል ጣቶቻችን እስኪጣበቁ አብረን እንበላለን። ወፎቹን በድምፃቸው መለየት ያስተማረኝ እዚያ ነው።

አባቴ አዲስ ቤት ሲጀምር ለበርና ለመስኮት እንጨት አስፈለገው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዎች መጥረቢያ ይዘው መጡ። አያ መኮንን አሞት ቤት ተኝቶ ነበር። የመጥረቢያውን ድምፅ ሲሰማ የማን ዛፍ እንደሚቆረጥ ጠየቀ። አባቴም የሚፈለጠው ከወንዙ ማዶ ተገዝቶ የመጣ ግንድ ነው አለው፤ እኔን ደግሞ ዝም እንድል በዓይኑ ገሠጸኝ። አጎቴ ሌላ አልጠየቀም።

በማግስቱ ሻል ሲለው ዱላውን ይዞ ወጣ፤ ተከተልኩት። ከለመደው ቦታ ደርሶ እጁን ዘረጋ። ግንዱ የለም። ጎንበስ ብሎ ሲዳስስ ጉቶውን አገኘው፤ ገና እርጥብ ነበር። አባቴ ከኋላችን መጥቶ ቤቱ ለሁላችንም እንደሆነ፣ በዋንዛው ፈንታም ባህር ዛፍ እንደሚተክል ነገረው።

«ምነው ዓለሙ፣ ብትነግረኝ እኮ እሰናበተው ነበር» አለ አጎቴ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ይሰበስብ ጀመር።

ቤቱ ሸጋ ሆነ። አያ መኮንን ግን ከዚያ ወዲያ ደጅ መቀመጥ ተወ። ወፎቹም ስለሄዱ የሚነግረኝ አጣ። ቀጣዩ ክረምት ሳይወጣ አረፈ።

ዛሬ ጎንደር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። ለበዓል ወደ መንደሬ ስወርድ ኮረብታው ሁሉ ባህር ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ ቶሎ ስለሚቆረጥ ለጥላ አይደርስም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ብቻውን ነው፤ ከእኔ ጋር እንዲኖር ብለምነው እሺ አላለም። ፀሐይዋ ስትበረታ በርጩማውን ይዞ የግድግዳውን ጥላ እየተከተለ ቤቱን ይዞራል። ባለፈው ፋሲካ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ አጎቴ ላነሣበት ፈለግሁ። ፊቱን ሳይ ተውኩት። ጥላው ሲያልቅብን ተነሥተን ወደ ውስጥ ገባን።