ሥራ ፈቷ አራተኛ ክር

በቀደም ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ተራ ስጠብቅ፣ ከማሽኑ የወጣው ትኩስ ወረቀት ሸተተኝና ጋሽ ታደሰ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ታደሰ ጎረቤታችን ነበሩ። ከደሴ ተመድበው የመጡ የሒሳብ አስተማሪ ሲሆኑ፣ ከሥራ መልስ በረንዳቸው ላይ ክራር ይደረድራሉ። ጊዜው ከሚሊኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ መንገዱ ገና አስፋልት እየለበሰ፣ የሬንጅ ሽታ ከዝናቡ ጋር ቤታችን ድረስ ይገባ ነበር። ከመንገድ ሠሪዎቹ ቻይናውያን አንዱን የቀን ሠራተኞቹ «ከበደ» ብለውታል። ከበደ አንድ ቀን ክራሩን ሰምቶ ቆመ። በማግስቱ ከቢጫ የዝናብ ልብሱ ሥር መጽሐፍ አወጣ፤ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው የሚመቱት የአገሩ ባለ ሰባት ክር መሣሪያ መማሪያ ነው።

የፊተኞቹ ገጾች ላይ የጥንት መማሪያዎች ፎቶ አለ። ከበደ እንጨት እንደሚቀርጽ፣ ቀለም እንደሚቀባ፣ ወረቀት እንደሚጫን እያደረገ፣ እንዴት እንደታተሙ በእጁ አሳየን። በጥንቶቹ ላይ ቁጥር የለም፤ የትኛው ጣት የትኛዋን ክር እንደሚነካ የሚናገር ጥቅጥቅ ያለ ፊደል ብቻ። እንደዚህ መጽሐፍ ባሉት አዲሶቹ ግን ከፊደሉ በላይ ቁጥር ተደርድሯል።

«ይሄ ሽማግሌ፣ በጣም ሽማግሌ» አለ ፊደሉን እየነካ። «ቁጥር ልጅ ነው።»

«ቁጥር ከሆነማ የኔ ነው!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

የመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ ቅዳሜ ወደ ሚዛን ሊነሳ ነበር። ጋሽ ታደሰ ከበደን የአገሩን ዜማ ሳያሰሙ ላይሸኙት ቆረጡ። ለክራራቸው የመጀመሪያ ክር አንድን፣ ለሁለተኛዋ ሁለትን፣ እንዲህ እያሉ እስከ ስድስተኛዋ ሰጡና ከመጽሐፉ አንድ ዜማ መቱ። የወጣው ጭቃ ላይ የሚንገዳገድ ሰው የመሰለ ነገር ነው። ዓርብም ያው ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር፣ የቦንጋ ልጅ፣ ኮረሪማ እየፈለፈሉ ሲያዳምጡ ቆዩና፦

«ታዴ፣ ያቺ አራተኛዋ ክር የመንግሥት ሠራተኛ ናት እንዴ?» አሉ።

«እንዴት?»

«ደመወዝ ትበላለች፣ ሥራ ግን የላትም!»

ጋሽ ታደሰ ሊቆጡ ብለው ተዉት። መጽሐፉን አገላበጡ። እውነትም በዚያ ዜማ አራት ቁጥር አንድም ቦታ የለም፤ ሰባትም የለም።

«አስቴር!» ብለው ብድግ አሉ። «እንደኛው ናቸው! እንደ ትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ አራትን ዘለው ነው የሚቆጥሩት!»

አራተኛዋን ክር «አምስት»፣ አምስተኛዋን «ስድስት» አሏት፤ ስድስተኛዋ ተመልሳ «አንድ» ሆነች። ዜማው ቀጥ ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀ፣ ከበደ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማ። ገና መግቢያው እንዳለቀ ማንጎራጎር ያዘ፤ አንድ ቦታ ላይማ «አይደለም፣ ቀስ!» ብሎ አረማቸው። ሹፌሩ ጥሩምባ ቢነፋ ቢነፋ እስኪያልቅ ድረስ አልተነሳም። መጽሐፉንም ትቶላቸው ሄደ።

«የነሱ መማሪያ ቦንጋ ድረስ መጣ፤ ለክራራችን ግን አንድ ወረቀት እንኳ በእጃችን የለም» አሉ ጋሽ ታደሰ። በዚያው ክረምት የክራር መማሪያ ስቴንስል ላይ ጽፈው በማባዣ አባዙ። ወደ ሺሺንዳ ሲዛወሩ ለእኛ ለሰፈሩ ልጆች አደሉት። እኔ ያለ አስተማሪ ክራር የተማርኩት ከዚያ ነው።

በቀደም ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከማሽኑ ይወጣ የነበረውም ይኸው መማሪያ ሆኖ ተገኘ፤ አንዲት ተማሪ እያስባዛችው ነው። አንገቴን አስግጌ የመጀመሪያውን ገጽ አየሁ። የጋሽ ታደሰ የእጅ ጽሑፍ አሁንም ይነበባል፦ «አራተኛዋ ክር አምስት ትባላለች። ምክንያቱን እትዬ አስቴርን ጠይቁ።»