ኩፍኝ ክፍላችን የገባ ጊዜ

አሶሳ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው። ትውልዴ ጎጃም ነው። ባለቤቴ ጉባ ግድቡ ላይ ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ የእኔና የሕፃኗ ነበር። ይህ የምናገረው ነገር የሆነ ጊዜ ልጄ ገና አምስት ወሯ ነበር፤ እኔም ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ።

ሙቀቱ ሲበረታ ከከተማው ወጣ ባሉ ቀበሌዎች ኩፍኝ ገባ ተባለ። ርእሰ መምህሩ ሰበሰበንና የእያንዳንዱ ተማሪ የክትባት ካርድ ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ እንዲገባ፣ ካርድ የሌለው እስከ ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲከተብ፣ ያለዚያ ክፍል እንዳይገባ ነገረን። የአንደኛ ክፍሎቹ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ካርድ መሰብሰብ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የአንዱ ውሃ ገብቶበት ጽሑፉ አይነበብም፤ የሌላው ግማሹ በአይጥ ተበልቷል። አንዲት የበርታ ተወላጅ እናት የታላቅየውን ካርድ ለታናሺቱ ይዛ መጥታ፣ «አንድ ነው መምህር፤ ሁሉም የኔ ልጅ ነው» አለችኝ።

የአንዲት ተማሪዬ አባት ግን ባዶ እጁን መጣ። ከመተከል ተፈናቅሎ ልጁን ብቻ ይዞ አሶሳ የገባ የሺናሻ ገበሬ ነው፤ አሁን ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። በሩ ላይ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ።

«መምህር፣ ካርድ የለንም። ስንወጣ ከለበስነው ሌላ የያዝነው የለም።»

«ተከትባ ነበር ግን?»

«ተከትባለች።»

«የኩፍኙንም?»

ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። «ሁሉንም። የወሰደቻት እናቷ ናት።»

«እናቷን መጠየቅ ይቻላል?»

«እናቷ የለችም» አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

ካርዱ ከጠፋ እንደገና መከተብ እንዳለባት ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «በላይ በላዩ ቢወጓት አይጎዳትም? የቀረችኝ እሷ ናት» አለኝ። እኔም በእርግጠኝነት ስለማላውቅ እዚያው ፊቱ ጤና ጣቢያ ለምትሠራ ነርስ ደወልኩ። «ቢደገም ምንም አትሆንም፤ ይልቅ ቶሎ ያምጣት» አለችኝ። የሰማሁትን ነገርኩት። እሺ አለ፤ እሺታው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

«እስከ ሰኞ ጊዜ አለን አይደል?»

«አለ» አልኩት። እውነትም ነበረው።

በእረፍት ሰዓት ጎረቤቴ ልጄን እያመጣችልኝ ከመምህራን ክፍል ጀርባ ባለው የማንጎ ጥላ ሥር አጠባት ነበር። ረቡዕ ዕለት ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሕፃኗን ለማየት ከበቡኝ። የዚያ ሰው ልጅ ዝምተኛ ናት፤ ያን ቀን ግን ቀስ ብላ ተጠግታ የሕፃኗን እጅ ዳሰሰች። ልጄ ጣቷን ያዘችና ወደ አፏ ወሰደችው። ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው አሳላትና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከተማው ሁሉ በአቧራ ስለሚያስል ልብ አላልኩትም።

በማግሥቱ ፊደል እየቆጠርን ሳለ ልጅቷ ዴስኩ ላይ ተደፋች። ግንባሯን ብነካው ይፋጃል። ዓይኗ ቀልቶ ያነባል፤ ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ትሸሻለች። ፀጉሯን ወደ ላይ ገለጥ ሳደርግ ከጆሮዋ ጀርባ ወደ አንገቷ የሚወርድ ሽፍታ አየሁ።  የታየኝ እሷ ብቻ አይደለችም፤ ትናንት ወደ ልጄ አፍ የገባው ጣቷ ነው።

ልጆቹን ለጎን ክፍሏ መምህርት አደራ ብዬ፣ ልጅቷን በነጠላዬ ጠቅልዬ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ገና ከበር ስታየን ከሌሎቹ ሕመምተኞች ለይታ ጥግ ያለ ክፍል አስገባችን።

«ኩፍኝ ነው የሚመስለው» አለች። «ደሟን እንልካለን። እስከዚያ ግን እንደ ኩፍኝ ነው የምንይዛት።»

አባቷ ከሥራ ቦታው ተጠርቶ ሲሚንቶ እንደነካው መጣ። ነርሷ የኩፍኝ ክትባት መውሰዷን በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«አላየሁም» አለ ወለሉን እያየ። «እኔ እርሻ ነው የምውለው። የልጅ ነገር የእሷ ነበር። አስከትባታለች ብዬ ነው።»

ማንም አልተቆጣውም። የልጅቷ አተነፋፈስ እየከበደ ሲሄድ ወደ ሆስፒታል ላኳት። አባቷ አቅፏት ሲወጣ ነርሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ቤት ልጅ አለሽ?»

«አምስት ወሯ ነው። ትናንት ነክታታለች።»

ነርሷ ወንበር ሳበችልኝ። ከዚያም ክትባቱ የሚሰጠው በዘጠኝ ወር መሆኑን፣ ወረርሽኝ ሲኖር እንኳ ከስድስት ወር በታች እንደማይወርዱ ነገረችኝ። «አንቺ ራስሽ በልጅነትሽ ወጥቶልሻል? ወይስ ተከትበሻል? እናት ኩፍኝ ወጥቶላት ከሆነ፣ ልጅ ከማህፀን ይዛው የምትወለደው መከላከያ አለ። እየሳሳ ነው የሚሄደው፤ ቢሆንም ይረዳል። ደግሞ አንዴ ከወጣልሽ አሁን አይዝሽም፤ ቤት ይዘሽባት አትገቢም።»

 ሳምንቱን ሙሉ ወላጅ ሁሉ ስለ ልጁ እንዲያውቅ ስጠይቅ ከርሜ ስለ ራሴ የማውቀው ነገር የለም። ግቢው ውስጥ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ ያለችበት ገጠር ኔትወርክ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ደወልኩ፤ አይነሣም። ደገምኩ፤ ተቋረጠ። የልጄ መጥቢያ ሰዓት አልፎ ጡቴ ቀሚሴን አርሶታል። ጎረቤቴ ደግሞ «እያለቀሰች ነው፣ የት ነሽ?» እያለች ትደውላለች። ወደ ቤት ልሂድ ወይስ አልሂድ አላወቅሁም።

በመጨረሻ እናቴ አነሣች።

«እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ኩፍኝ ወጥቶብኛል?»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ብቻ ወጥቶብኝ እንደሆነ ንገሪኝ።»

 «ወጥቶብሻል» አለች። «ጡት በተውሽ ሰሞን ነው። ዓይንሽ ተጣብቆ፣ ብርሃን እንዳይነካሽ ከጓዳ አስተኝቼሽ ከረምኩ። ሁለታችሁም ነበር የተኛችሁት።»

«ሁለታችን?»

«አንቺና ታላቅሽ። አንቺ ተነሣሽ።»

ታላቅ እህት እንደነበረችኝና ልጅ ሆና እንደሞተች አውቅ ነበር። በምን እንደሞተች ግን ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። «በእኛ ጊዜ ኩፍኝ ሳይወጣለት ልጅ አይቆጠርም ነበር» አለች እናቴ። «ሲተርፍ ነው ልጅ አለኝ የሚባለው።» ከዚያ ልጄ ደህና መሆኗን ጠየቀችኝ። «ደህና ናት» አልኳት፤ ድምፄ ግን አሳበቀኝ መሰለኝ፣ እንደ ሌላ ጊዜዋ ብዙ አላወራችም።

ቤት ገብቼ ታጥቤ፣ ልብሴን ለውጬ አጠባኋት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አይወሩም። ገና ጎህ ሲቀድ ወደ መስኮቱ አስጠጋትና ከጆሮዋ ጀርባ አያለሁ። አንድ ቀን ደረቷ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አይቼ በባጃጅ እየበረርኩ ወሰድኳት። ነርሷ አገላብጣ አየቻትና «ሙቀት ያወጣው ነው» አለችኝ። አላመንኳትም፤ ሌላ ሰው እንዲያይልኝ ጠየቅሁ። አልተቀየመችኝም።

በዚያው ሰሞን ከክፍላችን ሌሎችም ልጆች ታመሙ፤ የክትባት ቡድን ትምህርት ቤት ይመጣል ተባለ። ግቢው ውስጥ ግን ወሬው ቀድሞ ነበር። ልጅቷን ያሳመማት የክትባቱ መርፌ ነው የሚሉ ተነሡ። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዷ ልጄን አላስወጋም ስትል ሌሎቹ ተከተሏት፤ ርእሰ መምህሩ ቢናገር የሚሰማው ጠፋ። ያኔ የልጅቷ አባት ከኋላ ተነሣ። ከሆስፒታል ነው የመጣው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ማጣቱን ይናገራል።

«የኔ ልጅ አልተወጋችም» አለ። «መርፌው አይደለም። መምህሯ ውሰዳት አለችኝ፤ ሰኞ እወስዳለሁ አልኩ። ተከትባለች ያልኩትም ሳላውቅ ነው። አሁን በአፍንጫዋ ኦክስጅን ተሰክቶላት ተኝታለች። ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።» ይህን ብሎ ተቀመጠ። የካርዱን ነገር «አንድ ነው» ያለችኝ የበርታ እናት ንግግሩን በራሷ ቋንቋ ለጎረቤቶቿ ተረጎመችላቸው። በማግሥቱ ሰልፉ እስከ አጥሩ ደረሰ። ሁሉም አልመጡም፤ አብዛኞቹ ግን መጡ።

ልጅቷ ተረፈች። ሆስፒታል ብዙ ቆይታ ስትመለስ ከስታ ነበር፤ ሳንባዋ ድኖ ጆሮዋ ግን መግል ይዞ ቆይቶ የአንዱ መስማት ቀነሰ። በደህናው ጆሮዋ እንድትሰማኝ ከፊት፣ በበሩ በኩል አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ሰሞን ስጠራት ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ትዞር ነበር፤ ልጆቹ ሲስቁ ዝም እንዲሉ አደረግሁ፤ በኋላ እነሱም ለመዱ። የእኔ ልጅ አልታመመችም። ለምን እንዳልያዛት አላውቅም፤ ነርሷም በእርግጠኝነት ይህ ነው አላለችኝም። ወረርሽኙ ስድስት ወር ሳይሞላት ስለበረደ፣ ዘጠኝ ወር በሞላት ሳምንት አስከተብኳት። ስትወጋ ከእሷ እኔ ይበልጥ አለቀስኩ።

አሁን አሠራራችን ተለውጧል። ምዝገባ ላይ ካርድ የሌለው ልጅ ሲመጣ ቀን አንሰጥም፤ ወላጁ ከፈቀደ በዚያው ዕለት አንዳችን ይዘነው ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ብዙውን ጊዜ የምሄደው እኔ ነኝ። አንዳንዱ ወላጅ ሥራ አስፈታሽኝ ብሎ ይቆጣኛል። ይቆጣ። ልጁን ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ አስቀምጬው እንሄዳለን።