ሸማኔው ውቤ ያልተቆጠረበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት በባጃጅ መጥቶ ደጄ ላይ ወረደ። እንጅባራ ውስጥ ዘንድሮ ባጃጅ የማይገባበት ቅያስ የለም፤ እኔን ብሎ የሚመጣ ግን ብዙ ስለሌለ ፀሐይ ከምሞቅበት ቀና ብዬ አየሁት። ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰና ከቦርሳው ትልቅ ወረቀት አውጥቶ ጭኔ ላይ ዘረጋው። ዛፍ ተስሎበታል። ግንዱ ላይ «ፊታውራሪ ቸኮል» ይላል፤ በየቅርንጫፉና በየቅጠሉ ላይ የሰው ስም ተጽፏል። የቤተሰቡ የትውልድ መጽሐፍ ሊታተም ነው፤ ከዚያ በፊት በሕይወት ያሉ አዛውንት አይተው ይፈርሙበት ተብሏል።

«እማማ የሺ፣ ከቀሩት አንዷ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ይህ ነገር ፋሽን ሆኗል። ዛሬ በዚህ አገር ፊታውራሪ ያልወለደው ሰው የለም። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በሬ ሲከተል የኖረው ገበሬ፣ ሁሉም ሳይወልዱ የሞቱ ይመስላል። ፊታውራሪዎቹ ይህን ሁሉ ሕዝብ ወልደው መቼ ጦር ሜዳ እንደ ዋሉ እኔ እንጃ። መነጽሬን አድርጌ ቅጠሎቹን ስከተል ስሜን አገኘሁት። በሌላው ቅርንጫፍ ላይ፣ ከእኔ ትይዩ፣ «ዳኛቸው አድማሱ» የሚል ስም አለ።

«አያቴ ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ነው ያረፉት» አለ ልጁ ስሙን በጣቱ እየነካ። «የእርስዎ ዘመድ ናቸው።»

ዘመድ! ይህን ቃል በኔና በሱ ላይ የጫኑብን ከስድሳ ዓመት በፊት ነው።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። እንጅባራ ኮሶበር ትባል ነበር፤ ቤታችን ከጠጠሩ መንገድ ዳር፣ በቀርከሃ አጥር የተከበበ ነበር። ዳኛቸው ከአባቱ በቅሎዎች ጋር ከዳንግላ ጨው ይዞ ወደ ገበያችን ይመጣል፤ ሲመለስ ቆዳና ቅቤ ይጭናል። በደጃችን ሲያልፍ ውሃ ይለምናል። ዳንግላ ውሃ የሌለ ይመስል ሁለት ቅል ጠጥቶ ሦስተኛ ይጠይቃል። አባቱ በሌለበት በአገውኛ ያወራኝና ያስቀኝ ነበር። አንድ ቀን የሚሸት ሳሙና አመጣልኝ፤ ልብስ ላጥብበት አላስቻለኝም፣ መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬው እዞር ነበር። ወደድኩት፤ ምን አደባብሰዋለሁ። ሌላው የጠየቀኝ ሰው ሚስቱ የሞተችበት የጥሊሊ ገበሬ ነበር፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ አባቴ የዳንግላው ካልሆነ ለሱ እንደሚሰጠኝ ቁርጡን ነግሮኛል።

የዳኛቸው አባት ባላምባራስ አድማሱ ይባላል። ባላምባራስነቱን ማን እንደ ሰጠው የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። በሕይወት ሳለ አንቱ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል፤ አሁን እሱ ነው የምለው። አገውኛ ከናቱ ጡት ጋር የጠባው ሰው ገበያ ላይ ሰው በአገውኛ ሰላም ሲለው አስተርጓሚ የሚፈልግ መስሎ ዞር ዞር ይል ነበር።

ሽማግሌ ተላከ፤ አባቴም ቃል ሰጠ። የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ነበር። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። ቆጣሪው አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቁርበት ላይ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ስም አንድ ባቄላ ያስቀምጣሉ፤ አንዱን መስመር ከወንዱ፣ ሌላውን ከሴቷ ጀምረው ወደ ላይ ይደረድራሉ። ሰባት ሰባት ባቄላ ሞልቶ አንድም ስም በሁለቱ መስመር ካልተደገመ ጋብቻው ይሆናል። ከተደገመ ልጆቹ ዘመድ ናቸውና ነገሩ አበቃ።

የጥቅምት መጨረሻ እሑድ ነበር። ውርጩ የድንቹን ቅጠል አጥቁሮታል፤ ገብሱ ሊታጨድ ተቃርቧል። ለጥቅምት አንድ አጥንት እንዲሉ፣ እናቴ ሁለት ዶሮ ሠርታ የገብስ ጠላዋን ጠምቃ ነበር። እኔና እሷ ጓዳ ሆነን በቀርከሃው ግርዶሽ ቀዳዳ እናያለን። አባቴ፣ አያቴ ለሠርጉ ያሸመነለትን ኩታ ለብሷል፤ ከሱ ሌላ ደህና ልብስ አልነበረውም። ዳኛቸው ከአባቱ ጎን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

ባላምባራስ ጥቁር ካባውን አስተካክሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳኛቸው የአድማሱ። አድማሱ የወልዴ። ወልዴ የእጅጉ። እጅጉ የፊታውራሪ ቸኮል!» አለ፤ ፊታውራሪ የሚለውን ሲጠራ ድምፁ ጣሪያ ነካ፤ ከሱ በላይ ያሉትን ሁለት ስሞች ግን አጉረምርሞ አለፋቸው።

ወልዴ የእጅጉ ልጅ እንዳልሆነ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። ወልዴ የሸማኔው የውቤ ልጅ ነው። ውቤ የሽመና ዕቃውን ተሸክሞ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየዞረ ስንቱን ሙሽራ ያለበሰ ሰው ነበር። አባቴ የለበሰውን ኩታ የሸመነው እሱ ነው። አድማሱ የገዛ አያቱ የእጅ ሥራ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይኑ እንኳ አላረፈበትም። ኋላ እንደ ሰማነው ያን «እጅጉ» የሚባለውን ሰው ዳንግላ የሚኖር አንድ ደብተራ ለአንድ ሙክት ፈጥሮለታል። በፍየል የተገዛ አያት በኔ ዕድሜ ያየሁት ያንን ብቻ ነው።

አያ ፈንቴ ባቄላቸውን ደረደሩ። ከዚያ የአባቴን ወገን በአገውኛ ቆጠሩ፤ ሰባቱም ንጹሕ ሆነ።

«እንግዲህ ተስማማን!» አለ ባላምባራስ ዋንጫውን እያነሣ።

«ገና ነው፤ የናትየዋ ወገን ይቀራል» አሉ አያ ፈንቴ። «የሺ የጥሩዬ። ጥሩዬ የካሴ። ካሴን የወለደችው አንጓች ናት። አንጓች...» ብለው ቆሙ። አንዷን ባቄላ በሁለት ጣታቸው እንደያዙ አባቴን አዩት፤ አባቴ ጠላው ውስጥ የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስል አቀረቀረ።

«አንጓች የፊታውራሪ ቸኮል» አሉና ባቄላዋን አስቀመጧት።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አድማሱ ትልቅ ስም ሲገዛ ያጠናው የወንዱን ሐረግ ብቻ ነበር። ሴት ልጅም እንደምትቆጠር፣ ፊታውራሪው ሴት ልጅ ሊኖረው እንደሚችል፣ ያቺም ልጅ የእናቴ አያት ልትሆን እንደምትችል አልታየውም። ሁለቱ መስመሮች አምስተኛው ባቄላ ላይ ገጠሙ። እናቴ እጄን ያዘችኝ።

አያ ፈንቴ ደግ ሰው ነበሩ። «ባላምባራስ፣ የሰው ምላስ ይሳሳታል» አሉ በለሆሳስ። «እስቲ ከወልዴ ላይ ደግመው ይቁጠሩልኝ። እኔም ጆሮዬ ደክሟል፤ ቅድም የሰማሁትን አልሰማሁም።»

በር ከፈቱለት። ውቤ ብሎ ሁለት ፊደል መጥራት ብቻ ነው የቀረው። ማንም አይስቅበትም ነበር፤ ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋላ! ዳኛቸውን በቀዳዳው አየሁት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አባቱን በጎን አየ፤ ከዚያ መልሶ ባቄላዎቹን ማየት ጀመረ።

«የኔ ቤት ዘር አይሳሳትም» አለ አድማሱ።

እናም አበቃ። ቢያፍር እንኳ ደግ ነበር፤ እሱን ጭራሽ ደስ አለው። «ዘር ከልጓም ይስባል! ለካ ልቤ ወደዚህ ቤት ሲጎትተኝ የኖረው በዝምድና ኖሯል!» ብሎ አባቴን አቅፎ ሳመው። ሙሽራ አጥቶ ፊታውራሪ ያተረፈ መስሎታል። አባቴም ፈገግ አለ። አዎ፣ ፈገግ አለ። እንግዳ በገበታዬ ላይ አላዋርድም ብሎ ነው ይለኝ ነበር ኋላ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ልጁን ለሸማኔ ልጅ ልጅ ልጅ ሊሰጥ እንደ ነበር በሰው ፊት እንዲነገርበት አልፈለገም። ለኔ መታጨት የታረደውን ዶሮ በዝምድና እንብላው ተባለ። በሉትም። አድማሱ ፈረሰኛዋን ጋጠ። ወጡን ጨልፌ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ገበታውን ገልብጬ «ውቤ!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም፤ በዚያ ቤት ከነበሩት ፈሪዎች አንዷ እኔም ነበርኩ።

በሳምንቱ ገበያ ላይ ዳኛቸውን ጨው ሲሸጥ አገኘሁት። በአገውኛ፣ ሰው እንዳይሰማን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አያ ፈንቴ ዘንድ ሂድ። ቅድመ አያቴ ሸማኔው ውቤ ነው በላቸው። ሌላ ምንም አልለምንህም» አልኩት።

በአማርኛ ነበር የመለሰልኝ። «አባቴን በሽማግሌ ፊት ውሸታም ላድርገው? የሆነው ሆኗል የሺ። ከእንግዲህ እንደ እኅቴ ነው የማይሽ።»

ሳሙናውን ከመቀነቴ ፈትቼ የጨው ከረጢቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ያሳዝነው ይሆን ብዬ ጥቂት ቆምኩ። አነሣው፣ አራግፎም ኪሱ ከተተው።

በጥር ለጥሊሊው ገበሬ ተዳርኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እግዜር ነፍሱን ይማር። ሦስቱን ልጆች ከወለድኳቸው አራት ጋር አሳደግኩ። ዳኛቸውም ዳንግላ አገባ። የሚስቱ ዘር ሲቆጠር ፊታውራሪ ቸኮል ከነሙሉ ማዕረጉ ተጠርቶ ነበር አሉ፤ እዚያ ማንንም አልነካም።

ከዚያ ደርግ መጣ። ፊታውራሪ የወለደው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ፣ መሬቱም ሲወረስ፣ አድማሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «እኔ የጭቁኑ ሸማኔ የውቤ የልጅ ልጅ ነኝ» አለ። ለምስክር የውቤን መወርወሪያ ከሣጥን አውጥቶ ለሕዝቡ አሳየ። ለካ ጥሎት አያውቅም ኖሯል! ያ የሸማኔ ዕቃ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ባቄላ ሲደረድሩም በዚያው ሣጥን ውስጥ ነበር ማለት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የአድማሱ እውነት የጠራው መንግሥት ሲለወጥ ነው። ወሬውን ያመጣልኝ ነጋዴ ይስቅ ነበር። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ለሀብቱ ሲል የጠራውን ስም ለልጁ ሲል መጥራት አቅቶት ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ይኸው፣ ፊታውራሪው ከሙታን ተነሥቶ ግንድ ሆኗል፤ ውቤ የለም።

«ማን ነው ወደ እኔ የላከህ?» አልኩት ልጁን።

«አያቴ ናቸው። ሊሞቱ ሲሉ ዘራችንን ለማጣራት ከፈለጋችሁ የሺን ጠይቋት፣ እሷ ታውቃለች ብለውን ነበር።»

ደሜ ፈላ። ስድሳ ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ የያዘውን ቃል እኔ እንድተፋለት ትቶልኝ ሞተ! እስክሪብቶውን ከልጁ እጅ ተቀበልኩና «እጅጉ» የሚለውን ሰረዝኩት። የዳኛቸውንም ቅርንጫፍ ከፊታውራሪው ግንድ ቆረጥኩት። በእጄ ጽሕፈት «ውቤ፣ ሸማኔ» ብዬ ጻፍኩ። ይህችን ያህል ፊደል የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምሬያለሁ።

ልጁ ደነገጠ። «እማማ፣ አጎቶቼ ይህን ቢያዩ...»

«ጥሩ ሸማኔ ነበር በላቸው። የሸመነው ኩታ አባቴን አልብሶ፣ ከአባቴም ተርፎ እኔ ልጆቼን አዝዬበታለሁ። የነሱ ፊታውራሪ ማንን አለበሰ?»

ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈው። ሌላ ንጹሕ ቅጂ እንዳለው ከአስተጣጠፉ ገብቶኛል፤ መጽሐፉ ሲታተም ግንዱ ያው ፊታውራሪው እንደሚሆን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ልጁ ወዲያው አልሄደም፤ ባጃጁ ጥሩንባውን እየነፋበት ቆሞ አየኝ። ዓይኑ የዳኛቸው ነው፤ ይህን ሳላስተውል የቆየሁት ሆን ብዬ ነው መሰለኝ።

«እንግዲያስ እማማ፣ እርስዎ ለእኛ ምናችን ነዎት?» አለኝ።

«ምናችሁም አይደለሁም» አልኩት። «ያን ቀን አያትህ አንድ ቃል ቢተነፍስ ግን፣ አያትህ እኔ ነበርኩ።»