ለምእመናን በሙሉ

ታቢታ ሆልሮይድ የባሏን ወሬ የምትሰማው እሮብ እሮብ በጸሎት ቤት፣ ከሰው ሁሉ ጋር እኩል ነበር። ሰውየው ስለ ቅድስት አገር እየዞረ የሚያስተምር ሰባኪ ነው፤ ከእንግሊዝ አገር ከዮርክሻየር ኢየሩሳሌም ድረስ የላከውም የምእመናኑ መዋጮ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ሁሉ «ለምእመናን በሙሉ» ተብሎ ይመጣል፤ ጉባኤው ፊት ካልሆነም ማኅተሙ አይሰበርም። ለሚስቱ ብቻ ብሎ አንዲት መስመር ጽፎ አያውቅም።

«አንቺስ ታድለሻል!» ትላታለች ጎረቤቷ ወይዘሮ ስቶት። «እኛ የፋብሪካ ጭስ ስንውጥ ያንቺው ሰውዬ ዮርዳኖስ ይታጠባል።»

«እኔ ደግሞ የሰው ልብስ አጥባለሁ» ትላለች ታቢታ።

ጥር ላይ ትንሿ ልጃቸው ኤፊ በትክትክ ሞተች። ታቢታ መርዶውን ጽፋ ላከችለት። መጋቢት ላይ ደብዳቤ መጣ ሲባል፣ ዛሬስ ስለ ልጁ ሳያነሳ አይቀርም ብላ ጥቁሯን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አቶ ክራብትሪ ማኅተሙን ሰብረው ያነቡ ጀመር። ስለ ኢያሪኮ፣ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ሙት ባሕር ጨው አነበቡ። ከዚያ፣ «ለኤፊ ንገሩልኝ፤ ከገሊላ ባሕር ዳር ዛጎል ለቅሜላታለሁ» የሚለውን ካነበቡ በኋላ ንባቡን አቆሙ። መርዶው ሳይደርሰው የጻፈው ነበር።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ ወረቀቱን እያጠፉ። «ቀድሜ አይቼው ቢሆን ኖሮ...»

«ምን አጠፉ? ለእናንተ ነው የጻፈው» አለች ታቢታ ብድግ ብላ። «ለኤፊ ንገሩልኝ ያለውም እናንተን ነው። መቃብሯ እዚሁ ጓሮ ነው፤ ውጡና ንገሯት።»