እሜቴ ዘነበች ጉድጓድ የገቡ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ገና ወጣት ጉድጓድ ቆፋሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ወላይታ ውስጥ ብዙ ጉድጓድ ቆፍሬአለሁ፤ ስለ ሥራዬ ሰው ሲጠይቀኝ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የቤሌው ነው። ብቻዬን ሆኜ ሳስታውሰው እንኳ ያስቀኛል።

እሜቴ ዘነበች ቤሌ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ምግብ ቤትና የመንገደኛ ማደሪያ የነበራቸው ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ውሃ የሚያስመጡት ከወንዝ በአህያ ነበር። በበጋ አህያዋ ሄዳ እስክትመለስ ግማሽ ቀን ስለሚያልፍ ምሳ የሚበሉ ሹፌሮች እጃቸውን የሚታጠቡበት አጡ። በዚህ ተማርረው ከሶዶ አስጠሩኝ።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበርና ሥራው ለሌላ ሰው እንዳይሄድብኝ ፈራሁ። አፈሩን ሳየው ቀይና ለስላሳ ነው። ዋጋ ሲጠይቁኝ በክንድ አንድ ብር አልኩ። ዓለት ቢያጋጥምህስ ሲሉኝ ደግሞ፣ ምንም ቢያጋጥም ዋጋዬ ያው ነው ብዬ ፎከርኩ። እሳቸውም ይህችኑ ቃል ውሉ ላይ አስጻፏት። ክፍያው ውሃ ሲወጣ ነው፤ ውሃ ካልወጣ ምንም የለም። ተስማምተን ፈረምን።

አብሮኝ የሚሠራው የባለቤቴ ወንድም ባሳ ነበር። እኔ ከታች እቆፍራለሁ፣ እሱ ከላይ አፈሩን በባልዲ ይስባል። አሥራ ስምንት ክንድ እንደ ቅቤ ወረድን። በአሥራ ዘጠነኛው ድጅኖዬ ነጥሮ ተመለሰ፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ጥግ ጥጉን ሞከርኩ፤ ሁሉም ጥቁር ዓለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በመዶሻና በመሮ ታግዬ ያወጣሁት አንድ ስንዝር አይሞላም።

ባሳ ሄደህ ንገራቸው አለኝ። እኔ ግን አፈርኩ። ፎክሬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ትቼው ብሄድ የአሥራ ስምንት ክንድ ድካሜ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ስሜም ሶዶ ድረስ ይጠፋል። ብቀጥል ደግሞ ልጄ ተወልዶ እስኪድህ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት አፈሬን አራግፌ ምግብ ቤቱ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ አለማወቄን፣ ለዓለቱ ግን በክንድ ሦስት ብር ካልሆነ እንደማልችል ነገርኳቸው።

እሜቴ ውሉን ከሣጥን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ። «ዓለት ነው የምትለውን ማን አየው?»

«እርስዎ የሚያምኑት ሰው ይውረድና ይይ» አልኳቸው።

«ከራሴ ዓይን በቀር የማምነው የለኝም» ብለው ተነሡ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ወደ ጓዳ ገብተው ሲወጡ ግን የሟች ባላቸውን ሱሪ ከቀሚሳቸው ሥር ታጥቀዋል፤ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረዋል። ምሳ የሚበላው ሰው ሁሉ እጁን ሳይታጠብ ተከትሎን ወጣ። እሜቴ ወፍራም ሴት ናቸው። ባሳ አማርኛው ብዙም አይደለም፤ ገመዱን እያየ በጆሮዬ፣ «ላሊሶ፣ እሜቴ ከባድ ነው» አለኝ። ሁለት ጠንካራ ሰዎች ጨመርን። እሜቴ እኛ በምንወርድበት ጣውላ ላይ ተቀመጡ፣ አማተቡ፣ ወረዱ።

ሲደርሱ ድጅኖውን ጠየቁ፤ በሌላ ገመድ አወረድንላቸው። ከዚያ የብረት ድምፅ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ትንሽ ዐረፉና እንደገና ሁለት ጊዜ መቱ። ከዚያ ድጅኖውን ሲጥሉት ሰማን።

ይሄኔ ከቆሙት አንዱ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ሳቅ እያለ ወደኔ ጠጋ አለ። «ጊዜው አሁን ነው እኮ። በክንድ አሥር ብር ካልሰጡኝ አላወጣዎትም በላቸው» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

እውነቱን ልናገር። ቀልድ መሆኑን ባውቅም ለአንድ አፍታ ሐሳቡ ልቤ ውስጥ ገባ። አሥሩን ሳይሆን ሦስቱን። ገመዱ በእጄ ነው፤ እሳቸው ከታች ናቸው፤ እሺ ለማለት አያመነቱም። ከዚያ ባሳ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ራሴን ታዘብኩት።

«መጀመሪያ ወጥተው መሬት ይርገጡ» አልኩ። «ጉድጓድ ውስጥ ካለ ሰው ጋር ዋጋ አልነጋገርም። ከወጡም በኋላ እምቢ ካሉ መብታቸው ነው፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ወዲያው ከታች፣ ሳቡኝ የሚል ድምፅ መጣ። አራት ሆነን ላባችን እስኪንጠፈጠፍ ሳብናቸው። ሲወጡ ፊታቸው አቧራ ለብሶ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። መሬት ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ ተልጦ ቀልቷል። ከዚያ ሹፌሩን ፈለጉት።

«ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ከላይ የሚወራው እንዴት ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ታውቃለህ?» አሉት። «የዛሬ ምሳህ አሥር ብር ነው።»

ሰው በሳቅ ሞተ፤ ሹፌሩ ራሱ ከሁሉ በላይ ሳቀ። እሜቴ ወደኔ ዞረው ስንት ነበር ያልከኝ አሉኝ። ሦስት ብር አልኩ።

«አራት ይሁን» አሉ። «አምስት ጊዜ መትቼ እጄ እንዲህ ከሆነ፣ አንተ ሁለት ቀን እንዴት ቻልክ?»

ዕለቱን ጸሐፊ አስጠርተው ምንም ቢያጋጥም የሚለውን አሰረዙ፤ ከሥሩ ለዓለት አራት ብር ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮም የባሳና የኔ ምሳ ከእሳቸው ቤት ሆነ።

ዓለቱ አምስት ክንድ ነበር። ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አንድ ከሰዓት በኋላ መሮው ሰርጎ ገባና እግሬ ሥር ቀዝቀዝ አለኝ። ለባሳ ስነግረው አማርኛው ሁሉ ጠፍቶት በወላይትኛ ሃታ፣ ሃታ እያለ በመንገዱ ሮጠ፤ ውሃ ማለቱ ነው። እሜቴ የመጀመሪያውን ባልዲ ደፍርሶ ሳለ ራሳችን ላይ አፈሰሱት። ገንዘቤን ቆጥረው ከሰጡኝ በኋላ ለአራስ መጠየቂያ ብለው አንድ ቅል ቅቤ ጨመሩልኝ። ሶዶ በገባሁ በአምስተኛው ቀን ሴት ልጅ ተወለደችልኝ።

እሜቴ ጉድጓድ የገቡበትን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ይነግሩ ነበር። በየዓመቱ ጉድጓዱ በወሬያቸው ይጠልቃል፤ በመጨረሻ አርባ ክንድ ደርሶ ነበር። አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ያን ዕለት ለአፍታ ክፉ አስቤ እንደነበር ተናዘዝኩላቸው። እሳቸው ግን አልደነገጡም።

«መልስህ መዘግየቱንም ሰምቻለሁ» አሉኝ። «አራት ብር ያልኩህ እሱንም ጭምር ሰምቼ ነው።»

አሁን እሳቸው የሉም፤ እኔም ድጅኖ ማንሳት ካቆምኩ ቆየሁ። ልጆቼ እኔ ዘንድ ሲሰበሰቡ ግን ይህንን ንገረን ይሉኛል። ስንት ጊዜ ሰምተውታል፤ እኔም ስንት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ፤ ሱሪው ጋ ስንደርስ ሁላችንም እንደ አዲስ እንስቃለን።